ወንዙ ያሠራቸው ቤቶች

በእንግሊዝ ደርቢሻየር ግዛት፣ በደርወንት ወንዝ ሸለቆ፣ ክሮምፈርድ የምትባል መንደር አለች። ከገበያ አደባባይዋ ትንሽ ዳገት ወጣ ሲሉ ኖርዝ ስትሪት የተሰኘ አጭር መንገድ ይገኛል። በመንገዱ ግራና ቀኝ ግድግዳ ለግድግዳ የተያያዙ ባለሦስት ደርብ የድንጋይ ቤቶች ፊት ለፊት ተደርድረው ቆመዋል። ቁጥራቸው 27 ነው። የተሠሩት ከ1776 እስከ 1777 ባለው ጊዜ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ያሠራቸው ሪቻርድ አርክራይት የተባለ የጥጥ ፋብሪካ ባለቤት ነው። ለፋብሪካ ሠራተኛ ታስበው፣ በዕቅድ ከተገነቡ የዓለማችን ቤቶች መካከል ከቀደምቶቹ ይቆጠራሉ። ዛሬም ሰው ይኖርባቸዋል። እነዚህን ቤቶች ያየ ሰው አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፤ ለትርፉ የሚሠራ ባለፋብሪካ ከ250 ዓመት በፊት ለፈታይና ለሸማኔ እንዲህ ያለ ጠንካራ ቤት ለምን ሠራ? አንዳንዱ ደግነቱን ያነሳል። ሌላው ሠራተኛውን አስሮ ለመያዝ ነው ይላል። ሁለቱም መልሶች ማስረጃ አያጡም። እኔ ግን ከሁለቱም የሚቀድም ምክንያት አለ እላለሁ፤ ቤቶቹን ያሠራው የሰው እጥረት ነው፣ ያንን እጥረት ያመጣው ደግሞ ወንዙ ነው።

አርክራይት ከፕሬስተን ከተማ የተነሳ ጸጉር አስተካካይና ዊግ ሠሪ ነበር። በ1769 ለአንድ የፈትል መኪና የፈጠራ መብት አወጣ። ቀድሞ አንዲት ሴት ቤቷ ተቀምጣ በእጇ የምታወጣውን ክር፣ ይህ መኪና ብዙ እንዝርት በአንድ ጊዜ እያሾረ ሳይታክት ያወጣዋል። መጀመሪያ ኖቲንግሃም ከተማ ውስጥ በፈረስ ጉልበት ሞከረው። ፈረስ ግን ይበላል፣ ይደክማል፣ ይታመማል። ስለዚህ በ1771 ከሸሪኮቹ ከጄደዳያ ስትረትና ከሳሙኤል ኒድ ጋር ሆኖ ወደ ክሮምፈርድ መጣ። ወደዚያ የሳበው ውሃው ነው። በመንደሯ አንድ ጅረት ያልፋል፤ ከዚህ ሌላ በአካባቢው ከነበሩት የእርሳስ ማዕድን ጉድጓዶች ውሃ ለማስወጣት ከመሬት በታች የተቆፈረ ቦይ ነበር። የቦዩ ውሃ ከከርሰ ምድር ስለሚወጣ ለብ ያለ ነው፤ ብርዱ በጠናባቸው ወራት እንኳ አይረጋም። የፋብሪካው መዘውር ዓመቱን ሙሉ ይዞራል ማለት ነው። ለመኪናው ከዚህ የተሻለ ቦታ አልነበረም።

ለሠራተኛ ፍለጋ ግን ከዚህ የባሰ ቦታ ማግኘት ያስቸግር ነበር። በሸለቆው የተበታተኑት ጥቂት ነዋሪዎች ማዕድን ቆፋሪዎችና ገበሬዎች ናቸው። ቀንና ሌሊት በፈረቃ ለሚሠራ ፋብሪካ የሚበቃ ሰው በአቅራቢያው አልነበረም። አርክራይት ገና በዚያው በ1771 ማብቂያ ላይ ደርቢ ከተማ በሚታተም ጋዜጣ ማስታወቂያ አወጣ። የጥርስ መዘውር የሚያውቁ ሰዓት ሠሪዎች፣ አንጥረኛ፣ እንጨት ጠራቢዎች ፈለገ። ሸማኔዎች ሥራ እንደሚያገኙ፣ ለሴቶችና ለልጆችም ጥሩ ደመወዝ እንዳለ አስታወቀ። ማስታወቂያው በዚህ ቅደም ተከተል መጻፉ ብዙ ይነግረናል። መኪናውን የሚያቆሙት ጥቂት ባለሙያ ወንዶች ናቸው፤ መኪናው አንዴ ከቆመ በኋላ ግን በብዛት የሚፈለጉት ሴቶችና ልጆች ነበሩ። የተበጠሰ ክር ለመቀጠል ቀጭን ጣት ይበቃል፤ ደመወዛቸውም ከወንድ ያነሰ ነበር። ታዲያ ሚስትና ልጆች ወደ አንድ ሩቅ ሸለቆ የሚመጡት አባወራው ተነቅሎ ሲመጣ ነው። አባወራው ደግሞ የሚመጣው ለእሱም ሥራ፣ ለቤተሰቡም ጣሪያ ሲኖር ነው። ፋብሪካው የሚቀጥረው ግለሰብ ይመስላል እንጂ የሚያስፈልገው ሙሉ ቤተሰብ ነበር፤ ቤተሰብን ደግሞ ያለ ቤት መቅጠር አይቻልም።

ይህንን ስሌት በኖርዝ ስትሪት ቤቶች ላይ ደርብ በደርብ ማንበብ ይቻላል። ምድር ቤቱ ምድጃ ያለበት አንድ ክፍል ነው፤ ይበሰልበታል፣ ይበላበታል፣ ይዋልበታል። ከእሱ በላይ ያለው ክፍል መኝታ ነው። ሦስተኛው ደርብ ግን ለመኝታ አልተሠራም። መስኮቱ ከታቾቹ ይለያል፤ በቀጫጭን የድንጋይ ምሰሶዎች የተከፋፈለ፣ ወደ ጎን የተንጣለለ ረጅም መስኮት ነው። እንዲህ ሆኖ የተሠራው የቀን ብርሃን በድርና በማጉ ላይ እስከ ማምሻው እንዲያርፍ ነው፤ ክፍሉ የአባወራው የሽመና ሥራ ቤት ነበርና። ሚስትና ልጆች በማለዳ ወደ ፋብሪካው ወርደው 12 ሰዓት ያህል ሲፈትሉ ይውላሉ፤ እሱ ከጣሪያው ሥር ተቀምጦ ይሸምናል። ሴት ፈታይ ወንድ ሸማኔ የሆነበት ክፍፍል ለእኛ አገር ሰው እንግዳ አይደለም፤ እንዝርቱ በእናት እጅ፣ ሽመናው በአባት እጅ የነበረበትን ቤት ብዙዎቻችን እናውቀዋለን። በክሮምፈርድ የተለወጠው ሰዓቱ ነው። አባት እንደ ቀድሞው ጉልበቱና ፍላጎቱ እንዳዘዘው ይሠራል፤ እናትና ልጅ በደወል ይነሳሉ፣ በደወል ይመለሳሉ። አንድ ጣሪያ ሥር ሁለት ዘመን ይኖር ነበር ማለት ይቻላል። ይህን ከየትኛውም የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ያ ረጅም መስኮት በግልጽ ያሳያል። ለዚህም ነው የፋብሪካው ሕንጻ ብቻ ተጠብቆ ቤቶቹ ቢፈርሱ ኖሮ የታሪኩ ግማሽ ይጠፋ ነበር የምለው።

የሰው እጥረቱ ምን ያህል ብርቱ እንደነበር ለመረዳት ባለፋብሪካው ከቤቱ ጋር ምን እንዳከለ ማየት ይበቃል። ነዋሪዎቹ አትክልት የሚተክሉበት ቁራሽ መሬት ነበራቸው፤ በመንደሯ ዛሬም ከድንጋይ የተሠሩ የአሳማ ጋጦች ይታያሉ። አርክራይት ገበያ አቋቋመ፣ እንግዳ ማረፊያ ሠራ፤ ለተመረጡ ሠራተኞቹ የሚታለቡ ላሞች እስከ መሸለም ደረሰ። የሸሪኩ የስትረት ቤተሰብም ወንዙን ተከትሎ ትንሽ ወረድ ብሎ ቤልፐር ላይ ከ1792 እስከ 1797 ሎንግ ሮው የተባሉትን ረጃጅም ተርታ ቤቶች አቆመ። በስኮትላንድ ክላይድ ወንዝ ዳር የተመሠረተችው ኒው ላናርክ ደግሞ ጉዳዩን ይበልጥ ታጎላዋለች። መሥራቿ ዴቪድ ዴል በ1786 ሥራ ሲጀምር ሰው ስላጣ ወላጅ የሌላቸውን ልጆች ከከተማ እያመጣ አሳደረ። በ1791 ከስኮትላንድ ደጋ ተነስተው ወደ አሜሪካ ይሰደዱ የነበሩ ሰዎች መርከባቸውን ማዕበል መልሶ ግሪኖክ ወደብ ሲጥላቸው፣ ዴል ሥራና ቤት እሰጣችኋለሁ ብሎ ብዙዎቹን አስቀረ። ከደጋው አገር ለመጡት የተሠራው ተርታ እስከ ዛሬ በአገራቸው ስም ኬትነስ ሮው ይባላል። ቤቱ ከወደብ ሰው የሚመልስ መደራደሪያ ነበር። የቤልፐር ልጅ ሳሙኤል ስሌተር ከስትረት ዘንድ ሙያውን ቀስሞ በ1789 ወደ አሜሪካ ሲሻገርም ያው ችግር ገጠመው፤ በሮድ አይላንድ ወንዞች ዳር በተተከሉት የፈትል ፋብሪካዎች ሙሉ ቤተሰብ መቅጠርና የኩባንያ ቤት መስጠት የተለመደ አሠራር ሆነ።

ክርክሩ ቢገለበጥም ይሠራል ወይ? ሰው በማይጠፋበት ቦታ ባለፋብሪካው ቤት መሥራቱን ይተዋል ወይ? ይህን የምንፈትንበት ከተማ ማንቸስተር ነው። ከ1780ዎቹ ጀምሮ የእንፋሎት ሞተር መዘውር ማዞር ሲችል ፋብሪካ ከወንዝ ጥገኝነት ተላቀቀ። የድንጋይ ከሰልና መንገድ ባለበት ሁሉ መቆም ቻለ፤ ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ሰው ወዳለበት ሄደ። ወደ ማንቸስተር ከየገጠሩና ከአየርላንድ የሚጎርፈው ሰው ብዙ ስለነበር ባለፋብሪካው ለቤት የሚጨነቅበት ምክንያት አልነበረውም። አንዱ ቢሄድ በሩ ላይ ሌላ ይጠብቃል። ውጤቱን ፍሬድሪክ ኤንግልስ በ1845 ባሳተመው መጽሐፉ በዝርዝር መዝግቦታል፤ ቤተሰብ በእርጥብ ምድር ቤት ውስጥ ተጨናንቆ ያድራል፣ ቤቶቹ ጀርባ ለጀርባ ስለተጣበቁ አየር አይገባም፣ ለብዙ አባወራ አንድ መጸዳጃ ነበር። ምርቱ ጥጥ፣ ሠራተኛው ፈታይ፣ አሠሪውም ትርፍ ፈላጊ ነው፤ በዚህ ረገድ ከክሮምፈርድ የሚለይ ነገር የለም። የተለየው የሠራተኛው መገኘት አለመገኘት ነው። ሰው በጠፋበት ሸለቆ ከጥርብ ድንጋይ የተሠራ ቤትና የአትክልት ቦታ ተሰጠ፤ ሰው በተትረፈረፈበት ከተማ የመሬት ውስጥ ክፍል።

እዚህ ላይ በቁም ነገር የሚነሳ ተቃውሞ አለ። ደግ ባለፋብሪካዎችስ አልነበሩም ወይ? ነበሩ። ሮበርት ኦውን ከ1800 ጀምሮ ኒው ላናርክን ሲያስተዳድር ትምህርት ቤት ከፈተ፣ ትንንሽ ልጆችን ከፋብሪካ አስወጣ፣ ሠራተኛው ዕቃ በተመጣጣኝ ዋጋ የሚገዛበት ሱቅ አቋቋመ። ከእሱ የሚበልጠው ፈተና ግን ታይተስ ሶልት ነው። የሶልት ፋብሪካዎች በእንፋሎት የሚሠሩ፣ ሠራተኛም በሞላበት በብራድፈርድ ከተማ የሚገኙ ነበሩ። የእኔ ክርክር ልክ ከሆነ ቤት መሥራት አያስፈልገውም ነበር። እሱ ግን ከከተማው ወጥቶ በኤር ወንዝ ዳር በ1853 ታላቅ የሱፍ ፋብሪካ ከፈተ፤ በዙሪያውም ከ800 በላይ ቤቶች፣ ትምህርት ቤት፣ የአረጋውያን መጠለያ፣ መናፈሻ ገነባ። መንደሩን የራሱንና የወንዙን ስም አጋጥሞ ሶልቴር አለው። ይህን ሁሉ በስሌት ብቻ መፍታት ሰውየውን መበደል ይሆናል። ሃይማኖተኛ ነበር፤ የብራድፈርድ ከንቲባ ሆኖም የከተማውን ጭስና ድህነት በቅርበት አይቷል። ቢሆንም በ1849 ከተማውን የመታው ኮሌራ ባለፋብሪካዎቹን አንድ ነገር አስተምሯል፤ የሚተካ ሰው ቢሞላም፣ የሠለጠነና ጤናማ ሠራተኛ ግን አይሞላም። ሥራው ረቂቅ በሆነ ቁጥር የሚጠፋው የሰው ቁጥር ሳይሆን የሰው ዓይነት ነው። ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ቤት ይሠራ አይሠራ የሚለውን የወሰነው የሠራተኛ ፍላጎት ሲሆን፣ ቤቱ ምን ያህል ያምር፣ ምን ያህል ለሰው ይመች የሚለውን ግን የባለቤቱ ሕሊና ወስኗል። ሕሊና ብቻውን ስንት ቤት እንደሠራ ማየት የሚፈልግ፣ በዚያው ዘመን በማንቸስተርና በሊድስ ቤተ ክርስቲያን ይሳለሙ የነበሩትን ሌሎች ባለፋብሪካዎች ሁሉ ይቁጠር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከመጀመሪያው ይከብዳል። ቤቱ ወጥመድ ነበር ይላል። ይህን የሚሉ ሰዎች እጃቸው ላይ ያለው ማስረጃ ቀላል አይደለም። በቤልፐር የቤት ኪራይ ከደመወዝ ላይ ተቆርጦ ይቀር ነበር። የስትረት ፋብሪካ የቅጣት መዝገብ እስከ ዘመናችን ደርሷል፤ ሥራ ፈትቶ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት እንኳ የሚያስቀጣ ጥፋት ሆኖ ተጽፎበታል። በቤልፐር ሦስት መንገዶች በስትረት ወንድማማቾች ስም ጆርጅ፣ ዊልያምና ጆሴፍ ተብለው ተሰይመዋል፤ በሶልቴርም መንገዶቹ የሶልትን ሚስትና ልጆች ስም ይዘዋል። ሠራተኛው ከቤቱ ደጃፍ ገና እግሩን ሲያነሳ የጌታውን ቤተሰብ ስም እየረገጠ ይሄዳል። በሶልቴር መጠጥ ቤት አልተፈቀደም። ከሁሉ የከፋው ግን ሥራና ቤት በአንድ እጅ ውስጥ መሆናቸው ነው፤ ሥራውን ያጣ ሰው በዚያው ቀን ቤቱንም ሊያጣ ይችላል። በ1844 የሰሜን እንግሊዝ የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች ሥራ ሲያቆሙ ባለማዕድኖቹ ቤተሰቦቻቸውን ከነዕቃቸው ሜዳ ላይ አውጥተዋቸዋል። በአሜሪካ ቺካጎ አጠገብ የባቡር ፉርጎ የሚሠራው የፑልማን ኩባንያ ከተማም በውበቱ የተመሰገነ ነበር። ይሁን እንጂ ገበያ ሲቀዘቅዝ ኩባንያው ደመወዝ ቀነሰ፤ ከሠራተኞቹ የሚሰበስበውን የቤት ኪራይ ግን አልቀነሰም። በ1894 አገር ያናወጠ የሥራ ማቆም አድማ ተነሳ። ከ4 ዓመት በኋላ የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ኩባንያው ለፋብሪካ ሥራው የማያስፈልጉትን ቤቶች እንዲሸጥ አዘዘ።

ይህን ሁሉ እቀበላለሁ። ከዚህ ተነስቶ ቤቶቹ ባይሠሩ ይሻል ነበር ማለት ግን አይቻልም፤ የማንቸስተር ምድር ቤቶችም ከሥራ የተባረረውን አላተረፉትም። የጉልበት ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛ እንደ ልብ በማይገኝበት ጊዜ ነዋሪው ቢሄድ የሚጎዳው አሠሪው ነውና ቤቱ በሠራተኛው በኩል የቆመ ዋስትና ነው። ሠራተኛ በበዛ ጊዜ ያው ቤት በአሠሪው እጅ የተያዘ ልጓም ይሆናል። ግድግዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ማን ማንን ይፈልጋል የሚለው ነው። ስለዚህ የፑልማን ጉዳይ የሚያስተምረው ሠራተኛ ቤት እንዳይሠራለት አይደለም። አከራይና ቀጣሪ አንድ ሰው እንዳይሆኑ ነው።

የክሮምፈርድ ቤቶች እስከ ዛሬ የቆዩበት ታሪክም ከውሃው አይለይም። ሌሎች ማዕድን ባለቤቶች ጠለቅ ያለ የማስወጫ ቦይ ሲቆፍሩ ፋብሪካውን ያዞር የነበረው ለብ ያለ ውሃ ሸሸ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1839 ባለፋብሪካው ውሃው እንዲቀጥልለት የመጠየቅ መብት የለውም ተባለ። ከዚያ ወዲህ የጥጥ ሥራው እየከሳ ሄደ፤ ግቢው ቆይቶ የቀለም ፋብሪካ ሆነ። ሀብት ከመንደሯ ሲርቅ አሮጌውን አፍርሶ አዲስ የሚሠራም አልነበረም። እንዲያም ሆኖ በሃያኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ኖርዝ ስትሪት የመፍረስ አደጋ አንዣቦበት ነበር። በ1974 ላንድማርክ ትረስት የተባለው የቅርስ ድርጅት 6 ቤቶችን ገዝቶ አደሳቸው። ከእነሱ አንዱን ለአጭር ጊዜ እንግዶች ያከራያል፤ ሌሎቹ ቋሚ ተከራይ ይኖርባቸዋል። ይህ ውሳኔ ትክክለኛ ነው ብዬ አምናለሁ። የሠራተኛ ቤት በገመድ ታጥሮ ሲጎበኝ ዕቃ ይሆናል፤ ጭስ ሲወጣበትና ልብስ ሲሰጣበት ግን ቤትነቱን ያቆያል። በ2001 የደርወንት ሸለቆ፣ ኒው ላናርክና ሶልቴር ሦስቱም በአንድ ዓመት በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩ። ከፋብሪካዎቹ እኩል ተርታ ቤቶቹም የቅርሱ አካል ሆነው ተመዝግበዋል።

ጉዳዩ የሩቅ አገር ታሪክ ብቻ ቢሆን እንኳ መነገር በተገባው ነበር፤ ግን በእኛም አገር ወንዝ ዳር ተደግሟል። በአዋሽ ዳር ወንጂ ላይ የሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ በ1954 ስኳር ማምረት ሲጀምር፣ እንደ አርክራይት ሁሉ እሱም ከየአገሩ ለሰበሰበው ሠራተኛ ካምፕ መሥራት ነበረበት። ሰፋፊዎቹ ባለአትክልት ቤቶች ለሹማምንቱ፣ ጠባቦቹ ለሸንኮራ ቆራጩ ሆኑ። ለመጠጥ የዋለው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ስለነበር የብዙ ሠራተኞችን ጥርስና አጥንት ጎድቷል፤ ቤት ሲባል ግድግዳና ጣሪያ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ምስክር አያሻም። በ2016 የተመረቀው የሀዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ የማንቸስተርን መንገድ ተከትሏል። 52 የማምረቻ ሼዶች በአጭር ጊዜ ቆሙ፤ ሠራተኞቹ፣ አብዛኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች፣ የሚያድሩበት ግን ለከተማው የኪራይ ገበያ ተተወ። አንድ ጠባብ ክፍል ለብዙ ሆነው ይከራያሉ፤ ከአነስተኛ ደመወዛቸው ትልቁን ድርሻ ኪራዩና ምግቡ ይወስደዋል። በአገራችን ሥራ ፈላጊ ስለሞላ የሠራተኛ እጥረት የለም የሚል መልስ ይሰጥ ይሆናል። ነገር ግን ብዙዎቹ ሥራ በጀመሩ በወራት ውስጥ ለቀው ወደመጡበት እየተመለሱ፣ ፋብሪካዎቹ አዲስ ሰው በማሠልጠን ተጠምደው ከርመዋል። ይህ እጥረት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? አርክራይት ይህን ያወቀው ሠራተኛ በሌለበት ሸለቆ ስለነበረ ነው፤ እኛ ሠራተኛው በር ላይ ተሰልፎ ስላየን ዘገየን። አዲስ የኢንዱስትሪ ፓርክ የሚያቅዱ የመንግሥት ኃላፊዎችና ባለሀብቶች የሼዱን ፕላን ጠረጴዛ ላይ ሲዘረጉ የመኖሪያ ቤቱንም ፕላን ከነውሃው አብረው ይዘርጉ፤ የኪራይ ውሉንም ከቅጥር ውሉ ለይተው ይጻፉት።